የእትዬ ጨው

በፋብሪካው ወጥ ቤት የክሬም ድንች መጋገር ያስተማሩኝ እትዬ፣ ምላሳቸው ሬት ነበር። «አንቺ ደንባራ፣ ጨዉን ክሬሙ ውስጥ ጨምሪና ቅመሺ! አፍሽ ላይ ትንሽ ካልበዛ፣ ድንቹ ጠጥቶት አልጫ ይሆናል» ይሉኝ ነበር። ታዲያ አያምኑኝም፤ ዞር ስል ጠብቀው ከራሳቸው ቆንጠር አድርገው ይጨምሩበት ነበር። ይህን ስለማውቅ እኔም ቀነስ አደርግ ነበር።

እትዬ ባለፈው ክረምት ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ልኩን ጨምሬ፣ ቀምሼ ያስገባሁት ድንች ከኦቨን ሲወጣ ጨው ጨው ይላል። ሠራተኞቹ «ጨው ልታበይን ነው እንዴ?» ብለው አማረሩ።

ትናንት በገንኩ። ባዶው ወጥ ቤት ውስጥ «እንግዲያው እርስዎ ይጨምሩ!» ብዬ ጮህኩና፣ ቅንጣት ጨው ሳልነካ ትሪውን አስገባሁት።

ሲወጣ ቀመስኩት። ጨዉ ልክ ነው።