ምክንያት ያልተጠየቀበት ማመልከቻ

አብዱልወሀብ እንደ እኔው በስደት ከተማችን ታክሲ ነጂ ነው፤ መሀል ከተማ፣ ሚድታውን ሲያደርሳችሁ ስለ እህቱ ስለ ዓሊያ ሳይነግራችሁ አትወርዱም። ዓሊያ ከወሎ ወጥታ በሱዳን በኩል አውሮፓ ገባች ከተባለ ስድስት ዓመት ሆኖ ነበር፤ ድምጿ ግን ጠፋ። አድራሻዋን ፍለጋ ለሁለት የአውሮፓ አገሮች ቢሮ ጻፈ። «የግለሰብ አድራሻ ለሌላ ሰው አንሰጥም» አሉት።

በ2014 ለስዊድን የነዋሪዎች መዝገብ ቢሮ ሲጽፍ ታዲያ እንደ አገር ቤት አቤቱታ አሳመረው፤ ሦስት ገጽ የቤተሰብ ታሪክ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የመስጊድ ሽማግሌዎች ፊርማ። መቼም እኛ ቢሮው ካላዘነልን የሚሰጠን አይመስለንም። ታይፕ ያደረገችለት ባለቤቱ ነዚፋ፣ «የክትባት ካርድህ ቀረ እኮ!» እያለች ሳቀችበት።

መልሱ በኢሜይል ሲመጣ ቡፎርድ ሃይዌይ በሚባለው መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ምሳ ላይ ነበርን። ስልኩን አቀበለኝና እኔ አነበብኩለት፦ «በሕጋችን ማን እንደሆኑም ሆነ ለምን እንደፈለጉት መግለጽ አይጠበቅብዎትም። የተመዘገበው አድራሻ ይኸው።»

«‹ለምን ፈለግከው?› አላሉኝም?» አለኝ።

«አላሉህም።»

«‹ማን ነህ?›ስ?»

«እሱንም አልጠየቁህም።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ሽማግሌ ለምን አስፈረምኩ!» አለና ሳቀ፤ ሲስቅ እንባው ወረደ።

ለዓሊያ የላከው ደብዳቤ ስሙና ስልክ ቁጥሩ ብቻ ያለበት ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ፓርክ አድርጎ ተራ ሲጠብቅ ስልኩ ጮኸ።

«ወንድምጋሼ! ስልኬ ከነቁጥርህ ባሕር ገብቶብኝ እኮ ነው!»

አብዱልወሀብ የታክሲውን ጥሩምባ ነፋው። ነገሩን ስንሰማ ተራ የያዝነው ሁሉ አብረን ነፋንለት።