ለአራስ ቤት የመረጥኩት አምፕ

ሚስቴ ልትወልድ ሰሞን ባንዳችን የሚለማመድበት ቤት ፈረሰ። በዚያ ዘመን ቦሌ አካባቢ ያልፈረሰ ግቢ፣ ያልተጀመረ ፎቅ አልነበረም፤ ጠዋት ቁርስ የበላህበትን ቤት ማታ በቆርቆሮ ታጥሮ ታገኘዋለህ። እኔ ወሎ ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ ቤዝ ጊታር እየተጫወትኩ ነበር የምኖረው። አዳዲሶቹን ዘፈኖች ቤቴ ሆኜ ካላጠናሁ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ ለዚህ ደግሞ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላ አምፕ ያስፈልገኛል። ቤቴ ደግሞ ገርጂ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ፣ ግድግዳው የጎረቤት ሳል የሚያሳልፍ ነው።

ሚስቴ ሆዷን ደግፋ ተቀምጣ ፍርዷን ሰጠች።

"አምፕ ግዛ፣ አልከለከልኩህም። ድምፁ ግን እንዳይሰማ። ልጄ እንዳትደነግጥብኝ።"

"ድምፅ የሌለው አምፕ ምን ያደርግልኛል?"

"እሱን አንተ ታውቃለህ።"

ወሎ ሰፈር የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ሄድኩ። ይህ ሰው ትንሽ ነገር መሸጥ ያሳፍረዋል። ወገቤ ድረስ የሚደርስ፣ ስፒከሩ ሰፌድ የሚያህል አምፕ ፊቴ ገትሮ "ለሠርግም ይሆንሃል" አለኝ። እሱን ሳሎን ካስገባሁ እኛ ደጅ ማደራችን ነው። በመጨረሻ ከመደርደሪያው ሥር የጫማ ካርቶን የምታህል አንዲት አምፕ አገኘሁ። ሄድፎን ሲሰኩባት ስፒከሯ ዝም ይላል፤ የምትጫወተውን የምትሰማው አንተ ብቻ ነህ። ሻጩ ሲጠቀልልልኝ ፊቱን አዞረ።

የባንዳችን ድራመር ባያት ጊዜ ሳቀ። "ይቺማ ሬዲዮ ናት። ስማ፣ ቤዝ በጆሮ አይደለም የሚሰማው፣ በሆድ ነው። ይቺ ደግሞ ሆድ አትነካም።" ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ከጀርባዬ "የጓዳው ቤዚስት" ይሉኝ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ይበሉ። እኔ በምርጫዬ ኮርቼ ነበር።

ልጅቷ ተወለደች፤ የፈለግነውንም ሰላም ያገኘች መሰለን። ከመስኮታችን ማዶ ፎቅ ይሠራል። ብረት መቁረጫው ሲጮህ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ፣ እሷ ትተኛለች። አራስ ጥየቃ የመጡት ገንፎ እየበሉ ይንጫጫሉ፣ ትተኛለች። ክርስትናዋ ዕለት ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት አንገቷን እንኳ አላዞረችም። አንዲት ጎረቤታችን "ወይ እንቅልፍ፣ እንዴት ያለች..." ብላ ሳትጨርስ፣ ልጃቸውን ሊያርሱ የመጡት አማቴ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"እንትፍ በይባት። እንቅልፏን አታንሺ።"

ዓይን ፈርተው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ስለ ልጅቷ እንቅልፍ ማውራት ነውር ሆነ። እንግዳ ሊያነሣ ሲል "ማርያም ትጠብቃት" ተብሎ ወሬው ይቀየራል። እኔና ሚስቴ በቡዳ አናምንም እንል ነበር፤ በልጅ ሲመጣ ግን ማን ይደፍራል? እርስ በርሳችን እንኳ አላነሣነውም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድፎኔን አድርጌ እለማመዳለሁ። ልጅቷ አልጋው ላይ ነቅታ መጋረጃው ሲወዛወዝ ታያለች። ሄድፎኑ አርጅቶ ድምፁ ስለደከመ አምፗን እስከ ጥግ ከፍቻታለሁ። የስልኬን መብራት አይቼ ላነሣው ዘወር ስል የሄድፎኑ ገመድ ከአምፗ ተነቀለ፤ እጄ ደግሞ ወፍራሙን ክር መትቶ ነበር። ያቺ ሬዲዮ የተባለችው አምፕ አገሳች። ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ሚስቴ እጇ ሳሙና እንደሆነ ከኩሽና ሮጣ መጣች፤ አማቴ ተከትለዋት "በስመ አብ" እያሉ ገቡ። እኔ ዓይኔ ልጄ ላይ ነበር፤ አሁን ታለቅሳለች ብዬ።

መጋረጃውን እያየች ነበር።

ክው አልኩ። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። ሚስቴም አየች። ቀስ ብላ በልጅቷ ራስጌ ዞረችና አጨበጨበች። ከዚያ ከኩሽና ድስትና ክዳን አምጥታ አጋጨቻቸው፤ እኔ ጆሮዬን ያዝኩ። ልጅቷ መጋረጃው መንቀሳቀሱን ሲተው ሰለቻት መሰለኝ፣ ጣቷን ወደ አፏ ወሰደች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ እልልታ፣ ያ ሁሉ የብረት ጩኸት፣ እኛ ደግሞ እንትፍ እያልን ስናልፈው።

አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆሙ። "እኔ ነኝ አፋችሁን የዘጋሁት" አሉ።

"ተይ እማዬ" አለቻቸው ሚስቴ። ድስቱ ገና ከእጇ አልወጣም።

ሆስፒታል ስንወስዳት የጆሮ ሐኪሟ ልጅቷ በተኛችበት ጆሮዋ ሥር ሽቦዎች አድርጋ ማሽኑን ብዙ ጊዜ ተመለከተች። "ቀኙም ግራውም አይሰማም" አለችን በቀስታ። ስለ ሕክምናው፣ ስለ ምልክት ቋንቋ ነገረችን፤ ከነገረችን ግማሹን አልያዝኩትም። እኔ እንጀራዬ ድምፅ ነው። እሷ እንዳትደነግጥ ብዬ ያንን ድምፅ ለወራት በሄድፎን አፍኜ ኖርኩ። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ሆቴሉ ውስጥ የማውቃቸውን ዘፈኖች እየሳትኩ ሰነበትኩ።

እንደዚያ በሳትኩበት አንድ ምሽት ድራመሩ ከበሮውን ሲመታ ሆዴ ላይ ተሰማኝ፣ የተናገረውም ትዝ አለኝ። በማግስቱ ሻጩ ዘንድ ተመለስኩ። ያ ሰፌድ የሚያህለው አምፕ አልተሸጠም ነበር።

"ቤት ቀየርክ እንዴ?" አለኝ።

"አልቀየርኩም።"

"ጎረቤቶችህስ?"

"አሉ" አልኩትና አስጫንኩት።

የሳሎኑን ግማሽ ያዘ። አማቴ የአምፑ አናት ላይ ስስ ነጠላ አነጠፉና ልጅቷን በሆዷ አስተኝተው በሁለት እጃቸው ያዟት። ወፍራሙን ክር ቀስ ብዬ መታሁ። የምታወራጨው እግሯ ቀጥ አለ። ደግሜ መታሁ። ጣቶቿ ነጠላውን ጨበጡ፣ ዓይኖቿ ፈጠጡ፣ ከየት እንደመጣባት ለማየት አንገቷን አቀናች። ደነገጠች። ልጄ ደነገጠች።

ከላይ ያሉት ጎረቤታችን ወለሉን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድቡ ጀመር። ድምፁን ልቀንስ እጄን ሰደድኩ። ሚስቴ እጄን ያዘችው።

"ጨምረው" አለች።