ለእይታ የሚቆምበት መንገድ

አምፔሊዮ ወደ ሳንሬሞ ከተማ የሚወስደውን ሜዳማ የባሕር ዳር መንገድ ካርታው ላይ በእርሳስ ሰረዘ።

"በኮረብታው ነው የምንሄደው።"

"እሰይ!" አለ ላዛሮ የወይን ብርጭቆውን አንሥቶ። "እኔማ ዘንድሮ እንደ ሕፃን ሜዳ ለሜዳ ልታንሸራሽረን ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።"

የብስክሌት ማኅበሩ አባላት ሁሉም ስድሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። የግንቦቱን ጉዞ መንገድ የሚመርጠው አምፔሊዮ ነው፤ በእነዚህ ኮረብታዎች ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ አድሏል። ማክሰኞ ዕለት የጓደኛው የሴኮንዶ ሚስት ኢሪዴ ቤቱ መጥታ ነበር።

"ሐኪሙ ልብህ ደክሟል ብሎታል። አትሂድ ብለው ደግሞ ያብዳል። እባክህ፣ እንዳያውቅብህ አድርገህ አሳርፍልኝ።"

ሜዳ ላይ ሴኮንዶ ይሽቀዳደማል፤ የሚያስቆመው የለም። ዳገት ላይ መቆም ነውር ቢሆንም ባሕሩን ለማየት ከሆነ ማንም አይስቅም። ኮረብታው ደግሞ ሦስት የባሕር መመልከቻ ቦታዎች አሉት።

እሑድ ጠዋት ከባሕሩ የተነሣ ጉም ኮረብታውን ዋጠው። የመጀመሪያው መመልከቻ ላይ አምፔሊዮ ፍሬን ያዘ።

"ቆም ብለን እንይ።"

"ምኑን?" አለ ላዛሮ። "የሚታየው ያንተ ቂጥ ብቻ ነው፤ እሱን ከታች ጀምሮ ሳየው መጥቻለሁ።"

ሳቁ። ሴኮንዶም ሳቀ፤ ከንፈሩ ግን ጠቁሯል። ማንም ሳይወርድ አለፉ።

ሁለተኛው ላይ አምፔሊዮ "ጎማዬ ተነፈሰ" ብሎ ወረደ። ሴኮንዶ አጠገቡ ቆሞ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። እንደ ድንጋይ ጠጥሯል።

"ኢሪዴ ናት?" አለው ዝቅ ባለ ድምፅ።

አምፔሊዮ መዋሸት ይችል ነበር። ግን ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"ሞግዚት ቀጠረችልኝ በለኛ! አንተም እሺ አልካት።"

ሴኮንዶ ኮርቻው ላይ ወጣ። ሌሎቹን አንድ በአንድ አልፎ ጉሙ ውስጥ ገባ። አምፔሊዮ ስሙን እየጠራ ተከተለው።

ሦስተኛው መመልከቻ ሊደርሱ ሁለት መታጠፊያ ሲቀር፣ ሴኮንዶ ከመንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ ግንብ ሥር ወድቆ ነበር። አንድ እግሩ ከፔዳሉ አልተላቀቀም። አምቡላንሱ በጉሙ ውስጥ እየዳበሰ ለመድረስ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀበት።

ኢሪዴ ሆስፒታሉ በር ላይ አምፔሊዮን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

"ለምን በሜዳው አልሄዳችሁም?"

መልስ ነበረው።  እሷ ግን አልጠበቀችውም።

ሴኮንዶ ረቡዕ ተቀበረ። በቀጣዩ ግንቦት መንገዱን የመረጠው ላዛሮ ነው፤ አምፔሊዮ አልሄደም።