አጎቴ የተቆጡ ዕለት

በአጎቴ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ አንድ ሰው «ደግ ነበሩ፤ ቁጣቸው ግን አይጣል ነው» ሲል ሰማሁ። አጎቴ ለምን ይቆጡ እንደነበር እኔ ልንገራችሁ።

ለክትባት ሥራ ከአሶሳ ሆሞሻ በሞተር እመላለሳለሁ። ባለፈው ዓመት ማርሽ ስቀይር የምይዘው የሞተሬ ፍሪሲዮን እየላላ ሲያስቸግረኝ አንድ ጋራዥ ወሰድሁት። መካኒኩ ሦስት ጊዜ የፍሪሲዮን ዘይት ጨምሮልኝ ሦስቱንም ጊዜ «ሂጂ፣ ምንም አይልሽም» አለኝ። በሦስተኛው ማግስት ድንገት ላም መንገድ ገባችብኝ። ፍሪሲዮኑን ብይዘው ባዶ ሆነ፤ ሞተሩ እየገፋ ከነክትባቱ ሣጥን ቦይ ውስጥ ጣለኝ።

አጎቴ ጡረታ የወጡ መካኒክ ነበሩ። ክንዴ በፋሻ ታስሮ ሲያዩኝ «ያ ሁሉ ዘይት የት ገባ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም?» ብለው ጮኹ። ሞተሩን በጨርቅ አደራርቀው ፍሪሲዮኑን ደጋግመው ያዙ፣ ለቀቁ። በእጀታው በኩል ጠብታ እንኳን አልታየም። የታችኛውን ፒስተን ሲፈቱት ግን ከኋላው በዘይት ርሶ፣ ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ ተሰንጥቆ ተገኘ። አዲስ ጎሚኒ ገጠሙ፤ ከዘይቱ መስመር አየሩን አስወጥተው ሲጨርሱ እጀታው ጠነከረ።

በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ጋራዡ ድረስ በእግራቸው ሄዱ። የተሰነጠቀውን ጎሚኒ መካኒኩ መዳፍ ላይ አስቀምጠው «ልጄ፣ ሞተሩ ላይ እኮ ሰው ነው የሚቀመጥ!» አሉት።

ቁጣቸው ይህ ነው። ዛሬ ብወድቅ «አይዞሽ» የሚለኝ ሞልቷል። የሚቆጡልኝን ሰው ግን ትናንት ቀብረን ተመለስን።