ሊማሊሞ ላይ ብቻ የሚጮኸው ካምቢዮ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደባርቅ ካለው የጋሽ ሙላት ጋራዥ ገባሁ። በመካኒካል ምህንድስና ተመርቄ ሥራ የምፈልግ ልጅ ነበርኩ። የትምህርት ማስረጃዬን ስዘረጋላቸው አልተቀበሉኝም።

"እጅሽን አሳዪኝ" አሉ። አገላብጠው አዩትና "ከነገ ጀምሮ እንዲህ አይሆንም። ካልቆጨሽ ግቢ" አሉኝ።

አልቆጨኝም። የመጀመሪያ ሥራዬ የተፈታ ዕቃ በናፍጣ ማጠብ ነበር። ቀጥሎ ጎማ፣ ከዚያ ፍሬን፣ ከዚያ ፍሪሲዮን ሠራሁ። ካምቢዮ ግን የጋሽ ሙላት ብቻ ነው። ጥግ ላይ ያለውን የካምቢዮ ጠረጴዛ ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካውም። እኔ የምመኘው እዚያ ጠረጴዛ ላይ መሥራትን ነበር። ይህን አፍ አውጥቼ ለመናገር ዓመት ፈጀብኝ፤ ስናገርም ወለሉን እያየሁ ነው።

"ምን አልሽ?" አሉ ጋሽ ሙላት። ደገምኩላቸው። "ቀኑ ሲደርስ" አሉ።

ቀኑን ያመጣው የደሳለኝ አሮጌ ሚኒባስ ነው። ደሳለኝ ከደባርቅ አዲ አርቃይ ሰው የሚጭን ሾፌር ነው። ጋሽ ሙላት የመኪናውን ካምቢዮ አውርደው ዘንጎቹ የሚዞሩባቸውን ኩሽኔታዎች በሙሉ በአዲስ ቀየሩ። ለፊት ክዳኑ የሚሆን፣ ዘይት እንዳያፈስ በመሃል የሚገባ ጓርኒሲዮን ስላልተገኘ ከካርቶን ቆረጡለት። ካርቶኑን ክዳኑ ላይ አድርገው ጠርዝ ጠርዙን በትንሽ መዶሻ እየመቱ ሲቆርጡ መቀስ የነካው አይመስልም። በዚህ ሥራቸው እስከ ዳባት ይታወቃሉ።

ሲጨርሱ በጋራዡ ልማድ በሜዳማው መንገድ ዳባት ድረስ ነድተውት ተመለሱ። "እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው" አሉ።

ደሳለኝ ብዙም ሳይቆይ መኪናውን ይዞ መጣ።

"ጋሽ ሙላት፣ መኪናው ያለቅሳል።"

"የት?"

"ሊማሊሞን ስወርድ። ተሳፋሪው በእግሬ ልውረድ እያለኝ ነው።"

እንደገና ወደ ዳባት ነዱት። ምንም የለም። "ዲፈረንሻልህ ነው" አሉት። "ከዚህ ጋራዥ የሚጮኽ ካምቢዮ ወጥቶ አያውቅም።"

"እንግዲያው ጎንደር ወስጄ አስፈትሸዋለሁ" አለ ደሳለኝ።

ጋሽ ሙላት ወደ እኔ ዞሩ። "አብረሽው ውረጂ። ከካምቢዮ ነው ካልሽ ፈትተሽ ታሳዪኛለሽ። ካላሳየሽኝ ግን የካምቢዮን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።"

ጋቢና ውስጥ ከደሳለኝ ጎን ተቀመጥኩ። ከኋላችን አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ነበሩ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ደሳለኝ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። ከወለሉ ሥር የሚያጉረመርም ድምፅ ተነሳ።

"ልጄ፣ ይህ መኪና ምሕላ ይዟል እንዴ?" አሉ መሪጌታ ረጋ ብለው።

"ይጸልዩለት እንጂ መሪጌታ፣ አይሳቁበት" አለ ደሳለኝ።

"አልሳቅሁም። ዜማው ተሳስቷል ነው የምልህ።"

መንገዱ ሰፋ ሲል ደሳለኝን ለአፍታ ፍሪሲዮን እንዲረግጥ ለመንኩት። ድምፁ ጠፋ። መኪናው ግን በዚያው ፍጥነት እየሄደ ነበር። ስለዚህ ጎማ አይደለም። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ድምፁ አለ፤ ወደ ታች ደርሰን አራተኛ ሲያስገባ የለም፤ ዲፈረንሻል ቢሆን በአራተኛም ይጮኽ ነበር። ስንመለስ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ወጣን። ዝም።

ጋራዥ እስክንደርስ የምናገረውን በልቤ እየደጋገምኩ ነበር። "ጋሼ፣ ከካምቢዮ ነው" አልኩ። "የማርሾቹ ጥርስ ሰያፍ ነው። ነዳጅ ሲሰጠው የታችኛውን ዘንግ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት ይገፋዋል። አራተኛ ማርሽ ላይ ጭነቱ በታችኛው ዘንግ ስለማያልፍ አይጮኽም። ዘንጉ ወደ ፊት የሚሄድበት ክፍተት ያገኘ ይመስለኛል።"

"ፍቺው" አሉ።

ካምቢዮውን አውርደን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። ዘንጉን ይዤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስገፋው ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ጋሽ ሙላትም ራሳቸው ገፉት። ፊታቸው ተለወጠ።

ዕቃ ሳጥብ የወጣውን አሮጌ ነገር ሁሉ በቆርቆሮ የማስቀመጥ ልማድ አለኝ። የድሮውን ጓርኒሲዮን ቁራጭ ከዚያ አወጣሁ። ለመናገር ስላልደፈርኩ እሱንና የካርቶኑን አንድ ላይ መዳፋቸው ላይ አኖርኩ። በሁለት ጣታቸው ተራ በተራ ዳሰሷቸው።

"የእኔው ወፍሯል" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

"ዘይት እንዳያንጠባጥብ ብዬ እኮ ነው። የሚያንጠባጥብ ካምቢዮ አሳፋሪ ነው።"

"ሌላ ቦታ ቢሆን አይጎዳም ነበር። እዚህ ግን ክዳኑ ኩሽኔታውን ተጭኖ መያዝ አለበት። ካርቶኑ ክዳኑን አራቀው።" ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ከስስ ወረቀት እርስዎ ይቁረጡልኝ፤ እኔ እንደ እርስዎ አልችልበትም" አልኩ።

መዶሻቸውን አነሱ። እሳቸው ቆረጡ፤ እኔ ገጠምኩ። ዘንጉን ደግሜ ስገፋው ቀጭ ማለቱን ትቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ብሎን ሁሉ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ፤ ጋሽ ሙላት ቆመው አዩኝ እንጂ እጃቸውን አልጨመሩም።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ሊማሊሞን ወረድን። ሁለተኛ ማርሽ፣ እግር ከነዳጅ ላይ ተነስቷል። ምንም ድምፅ የለም።

"አሁን ደግሞ በሩ ይንቋቋል" አለ ደሳለኝ።

"በርህ ድሮም ይንቋቋል" አሉ ጋሽ ሙላት። "ሌላ ሥራ አታምጣብን።"

ስንመለስ የካምቢዮ ጠረጴዛውን መሳቢያ ቁልፍ ሰጡኝ። "እንዳትጥይው" አሉኝ። ያን ቁልፍ ከዲግሪዬ አሳንሼ አላየውም።

መኪና የሚፈተሸው በጮኸበት መንገድ ነው። እኛ በለመድነው መንገድ ከፈተሽነው የምንሰማው መስማት የምንፈልገውን ብቻ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ካምቢዮው ተሠርቶ ያለቀ የጭነት መኪና ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ጋሽ ሙላት "ዳባት ደርሰሽ ነይ" አሉኝ። ባለቤቱን መኪናው የት እንደሚሠራ ጠየቅኩት። "ወደ ጨነቅ፣ ተራራው ላይ ነው የምጭንበት" አለ።

ሞተሩን አስነስቼ ወደ ጨነቅ ነዳሁት።