የታጠበው ጠገራ ብር

ቡታጅራ፣ ብር ሠሪው ሙዝደሊፋ ዘንድ ቀለበቴ እስኪበየድ ተቀምጬ ሳለ ገባች። ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ ያወረደች ረጅም ሴት ናት። «አሰላሙ ዓለይኩም» ብላ ከመቀመጧ በፊት የላስቲክ ጫማዋን አቧራ በእጇ ጠረገች። ከዚያ ከጉያዋ መሐረብ አውጥታ ፈታች። ውስጡ በክር የተንጠለጠለ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ጠገራ ብር ነበር።

«የእናቴ ነው» አለች። «አንገቷ ላይ ኖሮ ጠቁሮ ነበር፤ ጠርዙማ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነበር። ለአረፋ ልጆቼ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ብዬ በአመድና በሎሚ ፈተግኩት።»

«መጡ?» አላት ሙዝደሊፋ።

«ስልክ ደወሉ። እባክህ እንደ ድሮው አጥቁርልኝ።»

ሙዝደሊፋ ብሩን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ወደ ጥያ ለሚያልፉ ቱሪስቶች የሚሸጠውን ብር በተቀቀለ እንቁላል አስኳል እንደሚያጠቁር ደብቆ አያውቅም።

«እኔ ጋ ቢያድር ይጠቁራል፣ እማማ። ግን የእናትዎን አይሆንም። ያኛው በላብና በዕድሜ የመጣ ነው።»

«ሰው ይለየዋል?»

«የድሮውን የሚያውቅ ይለየዋል።»

ሴትዮዋ ባዶውን መሐረብ አጣጠፈች።

«የድሮውን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት» አለች። «ራሴን ላታልል ነው?»

ብሩን ተቀብላ ክሩን አንገቷ ላይ አጠለቀች፤ ከቀሚሷ ሥር ደረቷ ላይ ስታስገባው ቀዝቅዟት ትከሻዋን ሰበቀች።

«ቆይቶ ይሞቃል» ብላን ወጣች።