አያሌው የከፈታቸው ሰባት በሮች

ሚስቴ ሙሉ “ሳልሞት የአያሌውን በሮች ልያቸው” ስትለኝ ጥርሴን ነክሼ “እሺ” አልኳት። አያሌው ጎረቤታችን ነው። በጎረምሳነቱ ከኮኪት ከተማ ማዶ ባለው የድሮ የመስኖ ቦይ ላይ፣ ውሃውን በደረጃ የሚያወርዱ ሰባት የብረት በሮች ይከፍትና ይዘጋ ነበር። ቤታችን በመጣ ቁጥር ይህንኑ ያወራል፤ ሙሉ ትስቃለች። እኔ የኖርኩት ሰሊጥ ሳጭድ ነው፤ በሰሊጥ ማን ይስቃል? የጉዞዬ ዓላማ እንግዲህ በሮቹ ትንንሽ መሆናቸውን ማሳየት ነበር።

ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ገንዳ ውሃ

መናኸሪያው አጠገብ ፉል በላን። “አያሌው ሚጥሚጣ ሲያበዛበት ነው የሚወደው” አለች ሙሉ። እኔም አበዛሁ። እስከ ኮኪት ድረስ አፌን ከፍቼ አየር ስስብ የሚኒባሱ ረዳት “አባባ፣ አመምዎት እንዴ?” አለኝ። ቅናት ነው አልለው ነገር!

ከኮኪት ወዲያ የተሳፈርነው በትራክተር ተጎታች ነው። በግራ በቀኝ የታጨደው ሰሊጥ እንደ ጎጆ ተደግፎ ቆሟል። ሾፌሩ ለሙሉ ጆንያ አነጠፈላት፤ በእሱም ቀናሁ።

አራት ሰዓት፣ ቦዩ ላይ

በሮቹ ትንንሽ አይደሉም። ከኮረብታው ወገብ እስከ ሜዳው ሰባት ደረጃ፣ በየደረጃው ሰው የሚያህል ብረት፣ ከላዩ መዘውር። አምስቱ እንደተከፈቱ ዝገው ቀርተዋል፤ የታችኞቹ ሁለቱ ግን ዛሬም ሽንኩርት ያጠጣሉ።

“ይህን ሁሉ ብቻውን?” አለች ሙሉ።

የበሮቹ ጠባቂ ደሴ የሚባል የወሎ ሰው ነው። “እስቲ ልሞክረው” አልኩት።

“ይከብዳል አባባ።”

“አያሌው ከከፈተው!”

“አያሌው ያኔ ጎረምሳ ነበር” አለች ሙሉ።

ከዚህ በኋላ ማን ያቆመኛል? ከሚሠሩት ሁለቱ የላይኛውን መዘውር በደረቴም በሆዴም ገፋሁት፤ ዞረ። ሙሉ ጀግንነቴን እንድታይልኝ ወርጄ ታችኛው በር አጠገብ ወገቤን ይዤ ቆምኩ።

“ኧረ መጀመሪያ የታችኛው ነው የሚከፈት!” ብሎ ደሴ ጮኸ።

ውሃው በሁለቱ በሮች መካከል ሞልቶ ግድግዳውን ዘለለና እግሬን ጠልፎ ሽንኩርቱ መሀል አስቀመጠኝ። ደሴ ሮጦ የላይኛውን ዘጋ።

“አብሽሩ አባባ! ሽንኩርቱም ጠጣ፣ እርስዎም ጠጡ።”

አያሌው ይህን ሕግ መቶ ጊዜ ነግሮናል። እሱ ሲያወራ ግን እኔ የማየው የሙሉን አፍ ነበር።

ሙሉ መጀመሪያ ደነገጠች። ጢሜ ላይ የሽንኩርት ቅጠል ስታይ ግን ሆዷን ይዛ መሬት ተቀመጠች። ለአያሌው የምትስቀው በከንፈሯ ነው፤ ይህኛው እንባ ያለበት ነበር።

ማምሻውን፣ ቤት

ጉዞው ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፤ በር ከታች ጀምሮ ይከፈታል። ወገቤ እስከ ዛሬ ያስታውሰኛል።

አያሌው ደጃችን ላይ ይጠብቀን ነበር። “አያችኋቸው? እኔ እነዚያን በሮች ስከፍት…”

“ቆይ አያሌው” አለች ሙሉ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ። “የኔው ሰውዬ ምን እንዳደረገ ልንገርህ።”

ሳትጀምረው ሳቋ ቀደማት። እኔም ሳቅሁ። አያሌው ግን አልሳቀም፤ የሙሉን አፍ ነበር የሚያየው።